ሼር ከማድረግዎ በፊት «ማን አየ?» ይበሉ

ሐይቅ፣ ሱሉላ ወይም ውጫሌ የሚኖር ሰው ስልክ ውስጥ ሦስት ዓይነት ግሩፕ አይጠፋም፤ የቤተሰብ፣ የአብሮ አደግ፣ የማኅበር ወይም የጀመዓ። ጅዳ ያለችው እህት በኢሞ ትልካለች፤ አዲስ አበባ ያለው ወንድም በቴሌግራም፤ አሜሪካ ያለው ያጎት ልጅ በፌስቡክ። ሐሰተኛ ወሬ ቤታችን የሚገባው በማናውቀው ሰው እጅ ቢሆን ኖሮ መጠንቀቁ ባልከበደን ነበር። የሚያደርሱን ግን የምንወዳቸው ናቸው። «ወንድሜ ነው የላከልኝ» ከተባለ በኋላ ማን ይጠራጠራል?

ይህ መመሪያ ከሁሉ አስቀድሞ አንዲት ጥያቄ እንድትለምዱ ይፈልጋል፤ ማን አየ? ወሬው እውነት ነው ሐሰት ነው ብሎ ከመሟገት በፊት ነገሩን በዓይኑ ያየው ሰው ማን እንደሆነ ማፈላለግ። በዚህ ረገድ የአካባቢው ሰው ዕድለኛ ነው። ስለ ሐይቅ የተወራ ነገር ሐይቅ ላለ ሰው የአንድ ስልክ ጥሪ መንገድ ነው፤ ስለ አምባሰል የተወራውን ለማጣራት የውጫሌ ሰው መኪና መሳፈር እንኳ አያስፈልገው ይሆናል። አዲስ አበባ የተቀመጠ ጋዜጠኛ የሌለው ዕድል እኛ እጅ ላይ አለ። ሳንጠቀምበት መቅረታችን ያስቆጫል።

መጀመሪያ፦ የደነገጡበትንና የተናደዱበትን ነገር ያቆዩ

አንድ ፖስት እንዳዩት ደምዎ ከፈላ፣ ወይም እጅዎ «ሼር» የሚለው ላይ ለመድረስ ከቸኮለ፣ ለማጣራት ከዚያ የተሻለ ምክንያት የለም። ስልኩን ያስቀምጡና ግማሽ ሰዓት ይቆዩ። እውነት የሆነ ነገር ከግማሽ ሰዓት በኋላም እውነት ነው።

ወሎ ላይ ደም የሚያፈላው ወሬ በአብዛኛው ሃይማኖትን የሚነካ ነው። ይህ ደግሞ በፌስቡክ ዘመን የመጣ አይደለም። የንጉሥ ሚካኤል ልጅ የሆኑት ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ የቀረበባቸው ዋና ክስ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል የሚል ነበር። በዚያን ጊዜ እሳቸውን በሙስሊም አለባበስ ያሳያሉ የተባሉ ፎቶግራፎች ከእጅ ወደ እጅ ይዞሩ ነበር፤ ከእነዚህ ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀናበሩ እንደነበሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ልክ በወሩ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ የወሎ ሠራዊት ሰገሌ ላይ ተሸንፎ ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ። ስለ ልጅ ኢያሱ ዘመን የታሪክ ሰዎች ዛሬም አልተስማሙም፤ እዚህ እንዳኛቸው ማለቴም አይደለም። ልብ እንድንል የምፈልገው ለማስደንገጥ የተመረጠው ነገር ምን እንደነበር ነው። ፎቶውን ያቀናበረ ሰው የተመልካቹን የሕመም ቦታ ያውቅ ነበር። ዛሬም «መስጊድ ተደፈረ»፣ «ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ» ብሎ የሚለጥፍ ሰው የእኛን የሕመም ቦታ ያውቃል።

እንዲህ ያለ ዜና እውነት የሚሆንበት ጊዜም አለ። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ጎንደር ላይ በአንድ ሼህ የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ በተነሳ ግጭት ሰዎች ተገድለዋል፣ መስጊዶች ተጎድተዋል። በቀናት ውስጥ ደግሞ ከጎንደር እጅግ ርቃ በምትገኘው ወራቤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ጎንደርን በዓይኑ ያላየ፣ የሟቾቹንም የገዳዮቹንም ስም የማያውቅ ሰው፣ በማያውቀው ሰው ጥፋት የገዛ ጎረቤቱን ቀጣ። ስለዚህ እውነተኛ ዜናም ቢሆን «ይህን እኔ ሰፈር ሼር ማድረጌ ማንን ይጠቅማል?» ተብሎ ይጠየቅለት። በአንድ ቤት ክርስቲያንና ሙስሊም ወንድማማቾች በሚኖሩበት አገር ይህን ጥያቄ መዝለል የገዛ ቤትን ማፍረስ ነው።

ሌላው ምልክት ልመናና እርግማን ነው። «ሼር ያላደረገ አማኝ አይደለም»፣ «ሳይጠፋ ቶሎ አዳርሱት» የሚል ጽሑፍ ካዩ ላኪው ማስረጃ አጥሮታል ማለት ነው።

ሁለተኛ፦ ወሬውን ወደ መጣበት ይመልሱት

ከላከልዎ ሰው ይጀምሩ። ለትልቅ ሰው ከሆነ በአክብሮት፦ «አንቱ፣ ይህን ከማን አገኙት? ሰውየው ራሱ አይቶት ነው?» ይበሉ። ለእህት ወይም ለወንድም ከሆነ፦ «ከየት አመጣሽው? ያየው ሰው ስልክ አለሽ?» ይበቃል። ጥያቄው ማንንም አያስቀይምም፤ በደጉ ጊዜ ቡና ላይ ወሬ ሲነሳ ሽማግሌው የሚጠይቁት ያንኑ ነው። መልሱ ከሦስቱ አንዱ ይሆናል፤ አየሁ፣ ካየው ሰው ሰማሁ፣ ወይም ተባለ። «ተባለ» ላይ የደረሰ ወሬ የስማ በለው ወሬ ነው፤ እዚያው ይቁም። ፍርድ ቤት በቀላሉ የማያምነውን ምስክርነት እኛ ለምን እንቀበላለን?

ስልኩ ራሱ የሚነግረንም አለ። ዋትሳፕ ላይ ሁለት ቀስት ከተደረበ መልእክቱ ብዙ ጊዜ ከሰው ወደ ሰው ተላልፏል ማለት ነው፤ የላከልዎ ሰው የጻፈው አይደለም። ቴሌግራም ከየትኛው ቻናል እንደመጣ ከላይ ስሙን ያሳያል፤ ነክተው ይግቡና ቻናሉ ከዚህ በፊት ምን ሲጽፍ እንደነበር ወደ ኋላ ይመልከቱ። ፌስቡክ ላይ ስለ ገጹ የሚገልጸውን ክፍል ሲከፍቱ የገጹ ግልጽነት የሚል ያገኛሉ። ገጹ መቼ እንደተከፈተ፣ ስሙን ለውጦ ያውቅ እንደሆነ፣ ብዙ ጊዜም የሚያስተዳድሩት ሰዎች ከየትኛው አገር እንደሆኑ እዚያ ተጽፏል። ስሙ የወረዳችን ሆኖ አስተዳዳሪዎቹ በሙሉ ውጭ አገር ያሉ ገጽ ከሆነ ይህ ብቻውን ሐሰተኛ አያደርገውም፤ ስደት ላይ ያለ የአገር ልጅም ለአገሩ ይጽፋል። ነገር ግን «ዛሬ ጠዋት ውጫሌ ገበያ ላይ» ሲል ማን አይቶ ነገረው የሚለው ጥያቄ ይከተላል። ገጹ የተከፈተው ባለፈው ሳምንት ከሆነ፣ ወይም እስከ ትናንት የፊልም ገጽ ከነበረ፣ ባያምኑት ይሻላል። የተከታይ ብዛትም ማስረጃ አይደለም፤ ገጽ ከነተከታዮቹ ይሸጣል፣ ይገዛል።

ሐይቅ ስለ ምንጭ የሚያስተምር ጥሩ ቅርስ አላት። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሰጡት የብራና ወንጌል የታሪክ ተመራማሪዎች በዘመኑ የሚተማመኑበት መጽሐፍ ነው። ምክንያቱም ማን እንደሰጠው፣ መቼ እንደሰጠው በራሱ በመጽሐፉ ላይ ተጽፏል፤ ዘመኑ የ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። ከ7 መቶ ዓመት በላይ የቆየ ብራና ሰጪውንና ጊዜውን ይናገራል። ትናንት የተለጠፈ ፖስት ይህን እንኳ ካልነገረን ምን ይዘን እንመነው?

ሦስተኛ፦ ቦታውንና ጊዜውን ራስዎ ይመርምሩ

እዚህ ላይ ማንም የውጭ ባለሙያ ከአገሬው ሰው አይበልጥም። ብዙው ሐሰተኛ ፎቶና ቪዲዮ በኮምፒውተር የተሠራ አይደለም። እውነተኛ ፎቶ ሆኖ የሌላ ቦታ ወይም የሌላ ዘመን ነው። የኬንያ ጎርፍ የኮምቦልቻ ይባላል፤ የዛሬ አምስት ዓመት ሰልፍ የዛሬ ይባላል። ስለዚህ ሁለት ነገር ብቻ ይፈልጉ፤ የት ነው? መቼ ነው?

ለቦታው፣ በቪዲዮው መሀል የሚናገረውን ሰው ትተው ዳር ዳሩን ይዩ። የሱቅ ጽሑፉ በምን ቋንቋ ነው? የመኪናው ሰሌዳ የክልል ኮድ ካለው «አማ» ነው ወይስ ሌላ? የተማሪዎቹ ዩኒፎርም የማን ትምህርት ቤት ነው? ከኋላ ያለው ተራራ የአምባሰልን አምባ ይመስላል? «ሐይቅ ከተማ» ተብሎ ሐይቁ ከተማው መሀል ካለ እዚያው ይጣል፤ ከተማችን ከውሃው ራቅ ብላ በአስፋልቱ ዳር እንደተቀመጠች የማያውቅ የአገሩ ሰው የለም። «በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ውስጥ» ተብሎ ሴቶች ቤተ ክርስቲያኑን ሞልተው ከታዩም ይጠራጠሩ፤ ሴት የማትገባበት የወንዶች ገዳም ነው።

ለጊዜው ደግሞ የገበሬ ዓይን ይበቃል። በእኛ አገር ማሽላ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል። ቪዲዮው ላይ ማሽላው ገና ለምለም ሆኖ «ዛሬ፣ ጥር 10» ከተባለ ቪዲዮው የዛሬ አይደለም። ግሸን ማርያም ላይ ሕዝቡ እንደ አሸዋ ፈስሶ የሚታየው መስከረም 21 ነው፤ ያንኑ ቪዲዮ በመጋቢት ሲያዩት «ለሌላ ጉዳይ የወጣ ሕዝብ» ቢሉዎት አይቀበሉ። ጥላ አጭር ከሆነ እኩለ ቀን አካባቢ ነው፤ «ሌሊት ላይ የተቀረጸ» ከሚል ጽሑፍ ጋር አይሄድም።

የዘመን አቆጣጠራችን ራሱ ለስህተት በር ይከፍታል። «በ2013» ሲባል በእኛ ነው በፈረንጅ? ልዩነቱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ነው፤ አንድ ፎቶ ሰላም ከነበረበት ዘመን ወደ ጦርነቱ ዘመን ይዘላል። ሰዓትም እንዲሁ ነው። የውጭ ጣቢያ «በ3 ሰዓት» ያለው በእኛ 9 ሰዓት ነው። ሁለት ዘገባ ሲጋጭብዎ አንዱን ውሸታም ከማለትዎ በፊት ሰዓቱን ቆጥረው ያስተያዩ።

ፎቶው ከዚህ በፊት ወጥቶ እንደሆነ ለማወቅ ጉግል ሌንስ የሚባለው አለ፤ በብዙ ስልኮች ላይ በጉግል መፈለጊያው ውስጥ የካሜራ ምልክት ሆኖ ይገኛል። ለቪዲዮ ከሆነ ግልጽ ሆኖ የሚታይ ቦታ ላይ ያቁሙትና ስክሪንሾት ያንሱ፤ ጽሑፉን፣ አርማውንና የቲክቶክ ስሙን ቆርጠው ምስሉን ብቻ ያስገቡ። ያው ምስል በሌላ አገር ቋንቋ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ወጥቶ ካገኙት ሥራው አለቀ። ምንም ካላገኙ ግን «እንግዲያው እውነት ነው» አይበሉ፤ ያልተገኘ ነገር አልተረጋገጠም ማለት ብቻ ነው።

ድምፅና ምስልም ለየብቻ ይታዩ። መጀመሪያ ድምፁን አጥፍተው ይመልከቱ፤ ከዚያ ስልኩን ገልብጠው ያዳምጡ። ብዙ ጊዜ ምስሉ ብቻውን ምንም አይልም፤ የሚያስደነግጠው ከላይ የተለጠፈው ሙዚቃና የተራኪው ድምፅ ነው። ተናጋሪው የአካባቢው ሰው ነው ከተባለ አነጋገሩ የወሎ ነው?

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ምስሎች እየበዙ ነው። ጣት መቁጠርና ዓይን ማየት ድሮ ይረዳ ነበር፤ አሁን መሣሪያዎቹ ያን እያሻሻሉ ነው። እስካሁን ግን የግዕዝ ፊደል ብዙ ጊዜ ያስቸግራቸዋል። ምስሉን አስፍተው ከበስተጀርባ ያለውን ታፔላ፣ ሰንደቅ ወይም የቲሸርት ጽሑፍ ያንብቡ። ከሩቅ «ሀ» ወይም «መ» የሚመስል፣ ሲጠጉት ግን ቅጥያው የትም የማይሄድ፣ አንድ ቃል እንኳ የማይነበብበት ጽሑፍ ካገኙ ምስሉ የማሽን ሥራ ሳይሆን አይቀርም። ይህ ምልክትም አንድ ቀን ይጠፋል፤ «ማን አየ?» የሚለው ጥያቄ ግን አይጠፋም።

አራተኛ፦ ማኅተም ያለበት ሁሉ ደብዳቤ አይደለም

በእኛ አገር ከቪዲዮ ይልቅ የሚታመነው ወረቀት ነው። ማኅተም፣ ቁጥር፣ ፊርማ ካለው «መንግሥት ጽፏል» ይባላል። የወረዳ ወይም የዞን ደብዳቤ ነው የተባለ ፎቶ ሲመጣ ከላይ ወደ ታች እንደ ጸሐፊ ያንብቡት።

ራስጌው ላይ ያለው የመሥሪያ ቤት ስም በዚያ ቀን በእርግጥ ነበር? ለምሳሌ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በዚህ ስም የተቋቋመው በ2014 ዓ.ም. ነው። በዚህ ራስጌ የተጻፈ የ2012 ደብዳቤ ካዩ ሐሰተኛ ነው፤ ያኔ ጉዳዩ የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ነበር። ቁጥሩና ቀኑ በእጅ ነው የተሞላው ወይስ ከጽሑፉ ጋር አብሮ ታትሟል? ቀኑ እሑድ ላይ ይውላል? የፈራሚው ስምና ኃላፊነት አብረው አሉ? ማኅተሙ ፊርማው ላይ ወይም ስሙ ላይ አርፎ ቀለሙ ትንሽ ይበተናል፤ ከሌላ ወረቀት ተቆርጦ የተለጠፈ ማኅተም ግን ዙሪያው ነጭ ጠርዝ ይኖረዋል፣ ከወረቀቱ መጨማደድ ጋርም አይጨማደድም። ከታች «ግልባጭ» የተጻፈላቸው መሥሪያ ቤቶች ካሉ ደግሞ ማጣሪያው እጅዎ ላይ ነው። ከእነሱ አንዱ ሐይቅ ወይም ውጫሌ ውስጥ አለ፤ ሄደው «ይህ ደብዳቤ ደርሷችኋል?» ብለው ይጠይቁ።

እዚህ ላይ በተቃራኒው መሳሳትም አለ። ግንቦት 2008 የ12ኛ ክፍል የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና ወጣ ተብሎ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲለጠፍ ሐሰት መስሎት የናቀው ሰው ጥቂት አልነበረም። ፈተናው እውነት ወጥቶ ነበር፤ ትምህርት ሚኒስቴርም ግንቦት 22 ቀን ፈተናውን አቋረጠ። ሁሉንም ውሸት ነው ማለት ሁሉንም እንደማመን ያለ ስንፍና ነው። ስለዚህ ካጣሩ በኋላ ሦስት ቃል ይኑርዎ፤ እውነት፣ ሐሰት፣ ገና አልታወቀም። ሦስተኛውን ለመጠቀም አይፈሩ።

መሥሪያ ቤቶቻችንም በዚህ ድርሻ አላቸው። ወረዳው ዝም ባለ ቁጥር ክፍተቱን ወሬ ይሞላዋል። ሰው መጥቶ ሲጠይቅ «አንተ ምን አገባህ» የሚል ቢሮ የሐሰተኛው ደብዳቤ ተባባሪ ነው።

አምስተኛ፦ ገንዘብ፣ ሥራና መድኃኒት

ከደቡብ ወሎ ወደ ዐረብ አገር የሄደች እህት ወይም ልጅ የሌለበት ቤት ማግኘት ይቸግራል። ስለዚህ የሥራ ማስታወቂያ እኛን ከሌላው ይበልጥ ይነካናል። ዛሬ ደላላው በር ላይ አይመጣም፤ ቲክቶክ ላይ ሳቅ እያለ ይመጣል። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ማይንማር ውስጥ ካሉ የማጭበርበሪያ ካምፖች ወጥተው ወደ ታይላንድ ከተሻገሩ 260 ያህል ሰዎች መካከል ከግማሽ በላይ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ብዙዎቹ በኢንተርኔት በተለጠፈ የቢሮ ሥራ ማስታወቂያ ተታለው የሄዱ ናቸው።

ስለዚህ ማስታወቂያ ሲያዩ የኤጀንሲውን ስም ይዘው ፈቃዱን ከወረዳው የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ያጣሩ። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የቪዛና የመጓጓዣ ወጪ የአሠሪው ነው። «ለቪዛ ይህን ያህል ብር አስቀድመሽ አስገቢ» ካለ፣ ብሩንም በግለሰብ ስም በተከፈተ ሒሳብ ከጠየቀ፣ ንግግሩ እዚያ ያብቃ። አብራ የሄደችና ደመወዝ የተቀበለች ሴት በአካል ወይም በቪዲዮ ካላነጋገረችሽ በቀር ማንንም አትመኚ።

እርዳታ የሚሰበስቡ ልጥፎችም አሉ። በሐይቅ አካባቢ ጃሪና ቱርክ ካምፕ የተጠለሉ ወገኖቻችን ችግር እውነተኛ ነው፤ ያ እውነት መሆኑ ነው ለአጭበርባሪ የሚመቸው። ውጭ ያላችሁ ልጆቻችን ብር ከመላካችሁ በፊት የተለጠፈው ፎቶ በእርግጥ የዚያ ካምፕ መሆኑን እዚህ ያለ ዘመድ ሄዶ ይይላችሁ። የሒሳቡን ባለቤት ስምና ብሩን የሚያከፋፍለው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ልግስናችሁ ሜዳ ላይ እንዳይቀር ነው።

በባንክ ወይም በኢትዮ ቴሌኮም ስም «ሽልማት ደርሶዎታል፣ ሊንኩን ተጭነው ለአሥር ሰው ይላኩ» ለሚል አጭር መልስ አለ። ወደ ንግድ ባንክ 951 ወይም ወደ ቴሌ 994 ይደውሉ፤ የሚስጥር ቁጥር ግን ለማንም አይስጡ።

በመጋቢት 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ ሲገኝ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ያድናሉ ተባለ። ነጭ ሽንኩርት ምግብ ነው፤ በቫይረሱ ከመያዝ የሚጠብቅ ማስረጃ እንደሌለው የዓለም ጤና ድርጅት ገልጾ ነበር። መድኃኒት ነክ ወሬ ሲመጣ 8335 ይደውሉ፤ ወይም የቀበሌዎን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይጠይቁ። ጠበልም ዱዓም የያዘ ሰው የታዘዘለትን ክኒን እንዲያቋርጥ የሚመክር ቪዲዮ አይተላለፍ።

ስድስተኛ፦ ነገሩ የሕይወትና የሞት ሲሆን

ጥቅምት 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ሕወሓት ደሴን ያዝኩ አለ፤ መንግሥት ውሸት ነው አለ። በዚያ ቀን ለሐይቅና ለደሴ ሰው ጥያቄው የፖለቲካ አልነበረም፤ ልጆቼን ይዤ ልውጣ ወይስ ልቆይ የሚል ነበር። ከተማዋ በእርግጥ ተይዛ እስከ ኅዳር 27 ቀን ድረስ ቆየች። በጦርነት ጊዜ ሁለቱም ወገን የሚናገረው ለጦርነቱ የሚጠቅመውን ነው። ስለዚህ ከሁለቱም መግለጫ ይልቅ ከዚያ አቅጣጫ የመጡ ሁለት ሰዎችን፣ አንዱ ሌላውን ሳይሰማ፣ ለየብቻ ይጠይቁ፤ የት አየህ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ለብሰው ነበር? ሁለቱ በዝርዝር ከተስማሙ ያመኑትን ያድርጉ። የሰሙትን ግን አይለጥፉ። የሠራዊት እንቅስቃሴ፣ ሰው የሚሸሽበት መንገድና የተጠለለበት ቤት ፌስቡክ ላይ አይወጣም።

በተለይ የሰው ስምና አድራሻ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት መዓረግ አማረ ትግራዋይ ነበሩ። በ2014 መጀመሪያ ፎቷቸው፣ የሥራ ቦታቸውና የመኖሪያ ሰፈራቸው ከሐሰት ክስ ጋር ፌስቡክ ላይ ተለጠፈ። ቤተሰባቸው ልጥፎቹ እንዲወርዱ ለኩባንያው ደጋግመው እንዳመለከቱ ይናገራሉ። ጥቅምት 24 ቀን በቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው በታኅሣሥ 2015 ኩባንያውን ኬንያ ከሰሰ፤ የናይሮቢው ከፍተኛ ፍርድ ቤትም ክሱን የማየት ሥልጣን አለኝ ሲል በመጋቢት 2017 ወሰነ። የተኮሰው ጥቂት ሰው ነው። ሼር ያደረገው ግን ብዙ ነው፤ ብዙዎቹም «ወንጀል መሥራቴ ነው» ብለው አላሰቡም። የአንድን ሰው ፎቶ፣ ሰፈርና ዘር ይዞ «እወቁት» የሚል ልጥፍ ቢደርስዎ ለማጣራት እንኳ አይላኩት። ለፌስቡክ ሪፖርት ያድርጉ፤ የተጠቀሰውን ሰው ወይም ቤተሰቡን ካወቁ ዛሬውኑ ደውለው ያስጠንቅቁ።

ኔትወርክ ሲቋረጥ ወሬ ይብሳል። ከክልሉ ውጭ ያላችሁ ዘመዶች በዚያ ጊዜ የምታዩት ልጥፍ በአብዛኛው ሰፈሩ ላይ ያለ ሰው የጻፈው ሊሆን አይችልም፤ እዚያ ያለው ሰው ኢንተርኔት የለውምና። በመደበኛ ስልክ ወይም ከዚያ በመጣ ሹፌር በኩል እስክታገኙን ታገሡ።

በመጨረሻ፦ ሐሰት መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ

ላኪውን በግሩፑ ፊት አያሳፍሩት። በግል ይጻፉለት፤ ትልቅ ሰው ከሆኑ ይደውሉላቸው፦ «አባባ፣ ያ ቪዲዮ የዛሬ አይደለም፣ የቆየ ነው፤ ይኸው ያገኘሁት።» ያገኙትን ማስረጃ አብረው ይላኩ። ሐሰተኛውን ምስል ለማረም ብለው እንደገና መለጠፍ ካለብዎ መሀሉ ላይ በትልቁ «ሐሰት» ብለው ይጻፉበት፤ ንጹሑ ምስል ከማብራሪያዎ ተለይቶ ይሄዳልና። ራስዎ ማጣራት ያልቻሉትን ኢትዮጵያ ቼክ ወይም ሐቅቼክ የሚባሉት የመረጃ አጣሪዎች ሠርተውት እንደሆነ ስማቸውን ፈልገው ይመልከቱ፤ ጥያቄም ይቀበላሉ።

ሕጉንም ይወቁ። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭት አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨትን እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር ያስቀጣል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው አካውንት ከሆነ እስራቱ እስከ ሦስት ዓመት፣ ቅጣቱ እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። የሕጉ ፍርሃት ብቻውን ሰውን ጠንቃቃ ያደርጋል ብዬ አላምንም፤ አዋጅ ለባለሥልጣን የማይመች እውነት ላይም ሊውል ይችላል። ግሩፕ የምታስተዳድሩ ግን ከአዋጁ የምትቀድም የራሳችሁን ሕግ አውጡ። ፎቶና ቪዲዮ የሚለጥፍ ሰው የት፣ መቼ፣ ማን እንዳየው አብሮ ይጻፍ፤ ያልጻፈ ልጥፉ ይነሳል። ሕጓ በማኅበራችሁ ሰብሳቢ ወይም በጀመዓው አሚር አፍ ብትነገር ደግሞ ትከበራለች።

ሐሰተኛውን ያጋሩት እርስዎ ከሆኑ ዝም ብለው አያጥፉት። ከእርስዎ ወስደው ለሌላ የላኩ ሰዎች ልጥፉ መጥፋቱን አያውቁም። እዚያው ግሩፕ ውስጥ «ጠዋት የላክሁት ቪዲዮ የእኛ አካባቢ አይደለም፣ ለላካችሁላቸው ሰዎች ንገሩልኝ» ብለው ይጻፉና ከዚያ ያጥፉት።